ሙሾ፣ ዘፈንና ወፍጮ በአንድ ካሴት

እኛ በደቦ የማንሠራው ነገር የለም። እናርሳለን፣ እናጭዳለን፣ ጣራ እናቆማለን፣ ሬሳ እንሸከማለን። ሐሜት እንኳ ብቻውን የሚያማ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ቢያንስ "ኧረ ተይ፣ እውነትሽን ነው?" እያለ እንጨት የሚጨምር አንድ አጋዥ ይፈልጋል። አብሮ መዝፈን ላይ ስንደርስ ግን ደቦው ይፈርሳል። ሁለት የታወቁ ዘፋኝ ሴቶች አንድ ድንኳን ውስጥ ካያችሁ፣ ወይ አንደኛዋ ልትወጣ ነው፣ ወይ ሌላዋን ልታስወጣ ነው። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የዘፋኝ ሙያ ግን ጉሮሮ ላይ ስለሆነ ደብቆ መያዝ አይቻልም። ጉሮሮ ደግሞ፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ጎረቤት አይወድም።

ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። አንድ ጊዜ፣ ምን አግብቶኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ ባይገባኝም፣ ሦስት ሴቶችን አንድ ካሴት ላይ ሰብስቤ ላዘፍን ተነስቼ ነበር።

ደባርቅ አማርኛ አስተምር ነበር። ሞባይል ያለው ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣበት ዘመን ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝኛ መምህራንን የምታሠለጥን አንዲት ፈረንጅ መጣች። ስሟ ሞይራ ነው። ከተማው ግን መካከሏ ያለችው ፊደል ምን ትሠራልኛለች ብሎ ጣላትና "ሞራ" አላት። ሞራ የሚባል ነገር በሰውነቷ ላይ ያልነበረ፣ የሊማሊሞ ነፋስ ሲመጣ አጥር ይዛ የምትቆም ቀጭን ሴት ናት። ሞራ ሲሏት አቤት ትላለች። "እንግሊዝ ናት" ሲሏት ብቻ ፊቷ ይቀላል። "አየርላንድ ነኝ" ትላለች፣ ቃል በቃል እየረገጠች። የደባርቅን ሰው ጎንደር ላይ "የዳባት ሰው አይደለህ?" ሲሉት የሚቆጣው ዓይነት ቁጣ ስለሆነ ወዲያው ገባንና ተውናት።

አንድ ቀን ዝናብ የመምህራን ክፍል ውስጥ ዘጋብን። ሞይራ ኮምፒውተሯን አውጥታ አንድ ሲዲ ከተተችበት። በአገሯ የባህል ዘፋኝ የሆኑ ሴቶች ተሰባስበው በጋራ የሠሩት ነው አለችን። ክራር የለ፣ ማሲንቆ የለ፣ ኦርጋን የለ፤ ጉሮሮ ብቻ። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ሦስተኛዋ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ በጎን ትገባለች። የፊዚክስ መምህሩ ሦስት ዘፈን በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ "መቼ ነው የሚጀምሩት?" አለ። ለካ ሲሟሟቁ መስሎታል።

እኔ ግን ጆሮዬ ቆመ። ምን እያሉ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ይቺ ልጇ በመርከብ ሄዶ የቀረባት ናት አለች። ይቺ ደግሞ ለሽማግሌ የዳሯት። ይቺኛዋስ? እሷ ባሏን ትሰድባለች። እንግዲህ ልጅ ከቀረ፣ ለሽማግሌ ከዳሩ፣ ባል ከተሰደበ፣ ይህ የእኛው አገር ነው። ጉም እንዳላቸው፣ በግ እንዳላቸው፣ ድንች እንደሚበሉ ቀደም ብላ ነግራናለች። የቀራቸው የጎንደር ሚኒባስ ብቻ ነው።

"የእናንተዎቹ ሴቶችስ ለምን አብረው አይቀርጹም?" አለችኝ። ጠያቂ ፈረንጅና እምቢ ማለት የማይችል መምህር ሲገናኙ ኮሚቴ ይወለዳል። የእኛም በዚያው ሳምንት ተወለደ፤ ሰብሳቢው እኔ ሆንሁ።

አሁን ሴቶቹን ላስተዋውቃችሁ። የመጀመሪያዋ የደባርቋ አንጓች ናት። ሠርግ ያለ አንጓች፣ ጠላ ያለ ጌሾ ነው ይባል ነበር። ሙሽራው ዓይን አፋር ቢሆን እሷ ታስደፍረዋለች፤ አማቶች ቢኮራረፉ በአንድ ስንኝ ታስቃቸዋለች። ሁለተኛዋ የዳባቷ አልቃሽ ጠጂቱ ናት። ጠጂቱ ሙሾ ስታወርድ ሟቹን በሕይወቱ አንድም ቀን ሰላም ብሎት የማያውቅ ሰው ደረት ይደቃል። ሦስተኛዋ ከወደ አምባራስ ናቸው፤ እማማ ዘርፌ። እሳቸው ዘፋኝ አይባሉም፤ እህል ሲፈጩ ለራሳቸው የሚያንጎራጉሩ ሴት ናቸው። ደባርቅ ያገባች ልጃቸውን ሊጠይቁ ወርደው ሳለ በአጥር በኩል ሳልፍ ሰማኋቸውና እግሬ አልሄድ አለኝ።

ችግሩ ያለው ሁለቱ ላይ ነበር። አንጓችና ጠጂቱ ከተነጋገሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። አንጓች የጠጂቱ ወንድም የአስማረ ሚስት ነበረች። አስማረ ታመመና በዳባት ጤና ጣቢያ ሊታከም እህቱ ቤት አረፈ። አንጓች አብራው ሰነበተች። አንድ ቅዳሜ ግን ደባርቅ ሠርግ ነበረባት፤ ሄደች። ባሏ በማግስቱ ሞተ። ለቀብሩ እየሮጠች ስትደርስ ጠጂቱ ለቀስተኛው መካከል ቆማ እንዲህ ስትል አገኘቻት፦

ወንድሜ ዳባት ላይ ውሃ ውሃ ሲል፣
የደባርቅ እልልታ እዚህ ይሰማል።

ጥይት ቢሆን ጤና ጣቢያው ያወጣው ነበር። ስንኝ ግን አይወጣም። ሁለቱ መስመሮች አንጓች ከቀብር ሳትመለስ ደባርቅ ደረሱ። የሙሽራ እናቶች፣ ባሏ ውሃ እያለ ሲሞት ስትዘፍን የነበረችን ሴት ማን ይጠራል አሉ። አንጓች ዓመት ከመንፈቅ ቤቷ ተቀመጠች። በኋላ ሠርጉ እየቀዘቀዘ ቢያስቸግራቸው ጊዜ መልሰው ጠሯት፤ እሷም ሄደች። ጠጂቱ ወዳለችበት ግን እግሯን አታነሳም።

እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አገሩ በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ብልህ መስዬ ቀኑን ለያየሁት፤ ጠጂቱ ሐሙስ፣ አንጓችና እማማ ዘርፌ ቅዳሜ። ካሴቱ ላይ ይገናኛሉ፣ በአካል አይተያዩም። ለአንዷም ስለሌላዋ አልነገርኋትም። ይህን ዘዴ ያወጣሁ ቀን ለራሴ ሻይ ጋበዝሁት።

አንጓችን ማሳመን ቀላል ነበር፤ ካሴት ስትሰማ ነጠላዋን አስተካከለች። እማማ ዘርፌ ዘንድ ግን ነገር መጣ። "ወፍጮዬ የት አለ?" አሉኝ። እማማ፣ ድምፅዎን ብቻ ነው የምንፈልገው ብላቸው ሳቁብኝ። ድንጋዩ ከሥሬ ካልሄደ ቃሉ አይመጣልኝም አሉ። አራት ጎልማሶች ወፍጮውን ከነመጁ በቃሬዛ ተሸክመው በዋናው መንገድ ሲያልፉ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አስከሬን መስሎት ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ።

የጠጂቱ ይባስ። ዳባት ድረስ ሄጄ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ማን ሞቶ ነው?"

ማንም አልሞተም፣ ለቀረጻ ነው አልሁ። ሬሳ በሌለበት አታለቅስም፤ ሟርት ነው። በዚያ ላይ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንጂ፣ ለማሽን ሲሉ ቢያለቅሱ ከየት ይመጣል? በኮሚቴያችን ውስጥ አንድ ኃላፊ ነበሩ፤ መሥሪያ ቤታቸው የትኛው እንደሆነ ባልናገር ደስ ይለኛል። እሳቸው መፍትሔ አመጡ። ድህነት ሞቷል ተብሎ ይለቀስ አሉ፤ ትምህርት ሰጪ ይሆናል። ተመልሼ ሄጄ ለጠጂቱ ነገርኋት። ረጋ ብላ አየችኝ።

"ድህነትን አሁን እቤት ትቼው ነው የወጣሁ" አለችኝ። "ደህና ነው። ሰላም ብሎሃል።"

በመጨረሻ ሟቹን ራሴ እመርጣለሁ፣ የሞተ ሰው አላጣም ብላ ተስማማች። ማንን እንደምትመርጥ አልጠየቅኋትም። ሞኝ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው።

ኃላፊው ግን ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። ስለ መጸዳጃ ቤት ግንባታ አንድ ዘፈን ካልገባ ካሴቱ አይወጣም አሉ። ነገሩን ለአንጓች አደረስሁ። እሷም ዓይኗን አንድ ጊዜ ጨፍና ከፈተችና፦

ጉድጓድ ቆፍሩ አለን የወረዳው ሹም፣
እኛስ ቆፍረናል፣ እሱ አልገባበትም።

ኃላፊው "ጉድጓድ" የሚለውን ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው። ሰሙን ወስደው ወርቁን ለእኛ ተዉልን።

ሐሙስ ደረሰ። ነዳጅ ጠፍቶ ከዳባት አንድም መኪና አልመጣ አለ። ዓርብም እንደዚያው። ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መስኮቶች በጋቢና በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ ሞይራ መቅረጫዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች፤ እማማ ዘርፌ ወለሉ ላይ ወፍጯቸው ሥር ተንበርክከው ገብሳቸውን ያበጥራሉ፤ አንጓች ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። በሩ ተከፈተና ጥቁር ነጠላ አገልድማ ጠጂቱ ገባች።

ምን ባደርግ ጥሩ ነበር ትላላችሁ? ብዙ ነገር ነበር። እኔ ያደረግሁት መስኮቱ ላይ ያለውን ጋቢ ማስተካከል ነው። ጋቢው ደህና ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አንጓች ልትነሳ ብላ ነጠላዋን ሰበሰበች። በሩ ግን ጠጂቱ ጋ ነው፤ ለመውጣት በአጠገቧ ማለፍ ሊኖርባት ነው። ተቀመጠች። ሞይራ ነገሩ ሁሉ የቀረጻው ሥርዓት መስሏት ለጠጂቱ ጀምሪ የሚል ምልክት ሰጠቻት። እማማ ዘርፌ ዞር ብለው ያዩት ሰው የለም፤ መጁን ይዘው መፍጨት ጀመሩ፣ ከንፈራቸውን ገጥመው እያንጎራጎሩ።

ጠጂቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ጀመረች። የመረጠችው ሟች ወንድሟን ነው፤ አስማረን። ስለ ቁመቱ አለች፤ በሬ ሲጠምድ ስለሚያፏጨው ፉጨት አለች፤ በልጅነታቸው ከጎርፍ ስላወጣት አለች። የፊዚክስ መምህሩ መነጽሩን ማውለቅ ጀመረ። ቀስ እያለች፣ ስንኝ በስንኝ፣ ወደዚያች ወደ ታወቀችው ቦታ ስትቃረብ ይታወቀኛል። ምናልባት ጉሮሮ የለመደውን መንገድ አይስትም ይሆናል። ወይም ልታልፈው አስባ አቅቷት ይሆናል። ብቻ አለችው። ወንድሟ ውሃ ውሃ አለ፣ የደባርቅ እልልታ ዳባት ተሰማ።

አንጓች ተነሳች። እኔ ወደ በሩ ትሮጣለች ወይም ጠጂቱ ላይ ትወድቃለች ብዬ ወንበር ያዝሁ። እሷ ግን ባለችበት ቆማ፣ የሠርግ ድምፅዋን ትታ፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው ወፍራም ድምፅ ተቀበለቻት፦

እሱ ነው ሂጂ ያለኝ ነጠላዬን ይዞ፣
ፊቱ እየሳቀልኝ ልቡ ግን ተክዞ።
አንድ ሰው ብትልኪ እመጣ ነበረ፣
ጥሪሽ የደረሰኝ ቃሬዛው ከታሰረ።

አሥራ አንድ ዓመት አፏ ውስጥ ይዛው የኖረችው ይህን ነው። ሙሽሪቱ እናት አባት የሌላት ልጅ ነበረች፤ አንጓች እኔ እዘፍንልሻለሁ ብላ ቃል ገብታላት ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት አስማረ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጦ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ልጅቱን እንዳታሳፍሪያት ብሎ ራሱ ነው የሸኛት። ይህን ለማን ትናገር? የሞተ ባል ምስክር አይሆንም።

ካሴቱ ላይ እዚህ ቦታ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። እማማ ዘርፌ አላቆሙም። ጠጂቱ አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ትተነፍሳለች። ደረቷ ሲወጣና ሲወርድ እያየሁ፣ አሁን የከፋ ስንኝ ትመርጣለች ብዬ ፈራሁ። የመጣው ግን ይህ ነው፦

ይድናል እያልሁኝ ሳልልክብሽ ቀረሁ፣
ጥፋቴ ቢከብደኝ አንቺን አሸከምሁ።

ቅዳሜ ማታ ሲብስበት ጎረቤት ሁሉ ሚስቱን አስጠሪ ብሏት ነበር። እሷ ግን ነገ ይሻለዋል፣ ደግሞ ወንድሜን ለማስታመም እኔ አንሼ ነው ወይ ብላ እምቢ አለች። ሲሞት፣ ለምን አላስጠራሽም የሚላት ሰው ከመምጣቱ በፊት ጥያቄውን ወደ ደባርቅ መለሰችው። ይህን ሁሉ በኋላ በተራ ቃል ነገረችን፤ በዚያች ሰዓት ግን ስንኙ በቂ ነበር። የእሷ እንባ ያን ቀን የመጣው በሙሾው ላይ ሳይሆን ከሙሾው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ እናንተም እንደ እኔ አንጓች ሮጣ የምታቅፋት መስሏችሁ ይሆናል። አንጓች መጀመሪያ ያየችው ወደ መቅረጫው ነው።

"ድገሚው" አለች። "ማሽኑ ሳይዘው እንዳይቀር።"

ጠጂቱ ደገመችው። አንጓች ወደ ሞይራ ዞራ ያዘው ወይ ብላ በእጇ ጠየቀቻት። ሞይራ አንገቷን ነቀነቀች፤ እውነት ለመናገር ምን እንደተጠየቀች አታውቅም። አንጓች አላመነቻትም። ሦስተኛ አስባለቻት። ሦስተኛው ላይ ጠጂቱ መሳቅ ጀመረች፤ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ አንጓችም ያን ጊዜ ሄዳ አጠገቧ ቆመች። አልተቃቀፉም። ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ፤ በእኛ አገር ለአሥራ አንድ ዓመት ኩርፊያ ይህ ብዙ ነው። እማማ ዘርፌ ቀና ብለው "ገብሱ አልቋል፤ ሌላ አለ?" አሉ።

ካሴቱ ጎንደር ተባዝቶ ወጣ። ኃላፊው ጠቡ ይቆረጥልኝ፣ የሕዝብን አንድነት ያናጋል ብለው ነበር። ለመቁረጥ ደግሞ ሞይራን ማስረዳት ሊያስፈልግ ነው። ሞይራ ነገሩን ከሰማች በኋላ፣ ከምትቆርጡት ጣቴን ቁረጡ የሚል ፊት አሳየቻቸው። እሳቸውም የመጸዳጃ ቤቱ ዘፈን መጀመሪያው ገጽ ላይ ከሆነ ይለፍ አሉ። ሆነ። ማንም ሰው ያን ገጽ ሲያዳምጥ አላየሁም። ከደባርቅ ዳባት፣ ከዳባት ጎንደር ያሉ ሚኒባሶች ሁሉ ሁለተኛውን ገጽ ብቻ አዞሩት። ሊማሊሞን የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች እየወረዱ "ድገሚው" ይላሉ። ተማሪዎቼ የቤት ሥራ አልሠራሁም ላለ ሁሉ "ድገመው፣ ማሽኑ ሳይዘው እንዳይቀር" ማለት ጀመሩ።

ሞይራ አገሯ ስትመለስ ካሴቱን ወሰደችው። ከዚያ በጻፈችልኝ ደብዳቤ እናቷ ወጥ ቤት ተቀምጠው እስከ መጨረሻው እንዳዳመጡት ነገረችኝ። አንድም ቃል አልገባቸውም። ሲያልቅ የጠየቁት፣ ከሁለቱ ማን አሸነፈች የሚል ነው አለችኝ።

አሁን የነገሩን መጨረሻ ልንገራችሁ። በተከታዩ ጥር፣ የሠርጉ ወር ሲገባ፣ አንድ ቅዳሜ ወደ ዳባት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ መካከላቸው አድርገው ይበላሉ፤ አንዷ የሌላዋን ነጠላ ታስተካክላለች። አንጓችና ጠጂቱ ናቸው። ደስ አለኝ። እንዲህ ስትዋደዱ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው አልኋቸው። ጠጂቱ ወደ ኋላ ዞራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"መምህር፣ እባክህ እንዳታሰማብን" አለች። "ታርቀዋል ከተባለ ማን ይጠራናል?"

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ኖሯል። ካሴቱ ከወጣ በኋላ ሠርግ ያለው ሁሉ ሁለቱን አንድ ላይ ይጠራል። የሚፈልገው ግን ሲዘፍኑ ሳይሆን ሲጣሉ ነው። ታርቀናል ብለው አብረው እየተሳሳቁ የዘፈኑበት ሠርግ ቀዝቅዞ አለቀ፤ ባለቤቱም ኩርፍ አለ። ስለዚህ ዳባት መግቢያ ላይ ሲደርሱ ዳቦ ቆሎውን አንጓች ያዘች፤ ጠጂቱ ቀድማ ወረደች፤ ፊቷን አጠቆረች። አንጓች አንድ ፌርማታ አልፋ ወረደች።

እኔም ለዚያው ሠርግ የተጠራሁ ነበርሁ። በየበሩ ገቡ፣ ሰላም አልተባባሉም፤ በስንኝ ተወጋጉ፤ አንዷ ስትል ሌላዋ ስትመልስ ድንኳኑ ሊቀደድ ደረሰ። ከተጋባዦቹ መካከል አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ነገሩ ከንክኗቸው ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው ሴቶቹን ወደ ጓሮ ወሰዷቸው። ለመኑ፣ ገሠጹ፣ በአስማረ አጥንት ተማጸኑ። ሴቶቹ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ከዚያ አለቀሱ፤ ከዚያ ጉልበት ተሳሳሙ። ሽማግሌዎቹ መረቋቸው። ያ በዚያ ወር ብቻ ሦስተኛው እርቅ መሆኑን ኋላ አንጓች ነገረችኝ።

ሽማግሌው ተመልሰው አጠገቤ ሲቀመጡ ፊታቸው ያበራል። ጠላቸውን አንስተው፣ ይኸን ሁሉ ዓመት የኖረውን ጠብ በአንዲት ቀን ፈታነው አሉኝ። እኔም እግዜር ዕድሜ ይስጥዎት አልኋቸው። አሜን አሉ፤ ከልባቸው።